ዐፄ ቴዎድሮስና የጣና ታንኳ

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ቆሞ ውኃው ከገደሉ ሲወረወርና ጢሱ ወደ ላይ ሲነሣ የሚመለከት ሰው፥ ያው ውኃ ጥቂት ቀደም ብሎ በጣና ባሕር ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቶ እንደ ነበረ አያስብ ይሆናል። ዓባይ በባሕር ዳር በኩል ከጣና ወጥቶ ፏፏቴው እስኪደርስ የሚሄደው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ባሕር ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሻገሩት በታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ቀላል ስለ ሆነ በውኃው ላይ ደኅና ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ደንገል ውኃ ይጠጣልና ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ጐትቶ ካላደረቀው ቀን በቀን እየከበደ ይሄዳል።

በዚህ ባሕር ላይ ያለ ቀዛፊ በመንኰራኵር የሚሄድ ፈጣን ታንኳ ለማየት የተመኙ አንድ ንጉሥ ነበሩ፤ እርሳቸውም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ፤ ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበረ። በልጅነታቸው በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ትምህርት ተማሩ። ከዚያ ሽፍታ ሆኑ፤ ከሽፍትነትም ወደ ጦር አለቅነት ደረሱ። በ1845 ዓ.ም. በጕር አምባ የጐጃሙን ደጃዝማች ጐሹን፥ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን፥ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ነገሡ። የጦርነታቸው ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ እዚህ መድገም አያስፈልግም። እኛ የምንሻው ለእጅ ሥራ የነበራቸውን ፍቅር ነው።

በዚያ ዘመን በብዙ መኳንንት ዘንድ ብረት ቀጥቃጭና እንጨት ጠራቢ የተናቀ ሰው ነበረ። ቴዎድሮስ ግን ሠራተኛን አይንቁም ነበር። መንገድ ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ለወታደሩ አርአያ ይሆኑ እንደ ነበረ ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ከወዳጃቸው ከእንግሊዛዊው ጆን ቤልና ከሌሎችም እንግዶች ስለ አውሮፓ የእጅ ጥበብ ይሰሙ ነበር። ወንጌልን ለማስተማርና የእጅ ሥራ ለማሳየት የመጡትን ሚሲዮናውያን ቫልድማየርንና ጓደኞቹን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀመጧቸው፤ ማስተማሩን ትተው መድፍና ሞርታር እንዲያፈሱም አስገደዷቸው። እነዚያ ሰዎች ከዚያ በፊት መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሞክረው ከተበላሸባቸው በኋላ ግን ተሳካላቸው። ይህ መሳካት ራሱ ንጉሡን ሳይጐዳቸው አልቀረም ይመስለኛል፤ ያልተማሩትን ሥራ በትእዛዝና በቍጣ ማስወጣት እንደሚቻል አሳይቷቸዋልና።

በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳም የታሰሩትን እንግሊዞች ለማስፈታት መጥቶ በዳሞት በኩል ከንጉሡ ጋር ተገናኘ። ከዚያ ንጉሡ በጣና ዳር በዘጌ ሰፈሩ፤ ራሳምንም ከባሕሩ ማዶ በቋራጣ አስቀመጡት። በዘጌና በቋራጣ መካከል መልእክተኛ የሚመላለሰው በደንገል ታንኳ ነበረ። ንጉሡም ያን ጊዜ ሁለት ታላላቅ ታንኳዎች እንዲሠሩ አዘዙ። አካላቸው እንደ ወትሮው የደንገል ነበረ፤ መጠናቸው ግን ከተለመደው ታንኳ እጅግ ይበልጥ ነበረ። በመካከላቸው የሳንቃ ወለል ተነጠፈ፤ በግራና በቀኝ ጐናቸውም መንኰራኵር ተተከለ፤ መንኰራኵሩም የመሳያ ድንጋይ እንደሚዞር በእጀታ የሚዞር ነበረ። አሳቡ የንጉሡ የራሳቸው ነበረ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ነገር ለመሳቅ አትቸኵል። በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ በወንዝ ላይ የሚሮጡት መርከቦች ብዙዎቹ በጐናቸው እንዲህ ያለ መንኰራኵር ነበራቸው። ሮበርት ፉልተን የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1807 በሃድሰን ወንዝ ላይ ያስኬደው መርከብ የሚቀዝፈው በመንኰራኵር ነበረ። ቴዎድሮስ መርከቡን ሳያዩ በመስማት ብቻ አካሄዱን አስተውለው ነበር። የጐደላቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም መንኰራኵሩን የሚያዞረው የእንፋሎት ኀይል ነው። በፉልተን መርከብ እሳት ውኃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱም ብረቱን ይገፋል፤ ብረቱ አይደክምም። በጣና ግን መንኰራኵሩን የሚያዞረው የወታደር ክንድ ነው፤ ክንድም ይዝላል። ደንገሉ ደግሞ በየሰዓቱ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ታንኳው በሚከብድበት ሰዓት ሠራተኛው ይደክማል ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር ፍጥነት ከወዴት ይገኛል?

ንጉሡም የጐደለው ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ለመሰናበት ከቋራጣ በታንኳ ተሻግሮ ወደ ዘጌ የመጣውን ራሳምን ከነጓደኞቹ ያዙት። ወዲያው ሚሲዮናዊውን ፍላድን የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎችና መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን በንጉሡ እጅ ቀሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞቹንና መሣሪያውን እስከ ምጽዋ አድርሶ ነበር፤ እስረኞቹ ሳይፈቱ ግን ወደ ውስጥ አይገቡም ተባለ። ንጉሡም አልፈቱም። ንጉሡ ከዓመታት ጀምሮ የተመኙት ጥበብ እስከ ባሕር ወደብ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በሕይወታቸው ከደረሰባቸው ጕዳት ሁሉ እኔ እጅግ የማዝንበት ይህ ነው፤ በዚህ የጣላቸው ጠላት የለምና።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በዘጌ ሰፈር የኮሌራ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ስለ ፈጀ፥ ንጉሡ ሰፈሩን አንሥተው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን አቃጠሉ። በጋፋት የፈሰሰውን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ፥ በየገደሉ መንገድ እየሠሩ ብዙ ወራት ተጕዘው መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ራሳቸውን ገደሉ።

መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ። ከሁለቱ ታንኳዎች ግን የተረፈ የለም፤ ደንገል ነበሩና። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄደውን መንገደኛ የሞተር ጀልባ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሰዋል። ጀልባው ሲያልፍ የሚያስነሣው ማዕበል በዳር በኩል የሚቀዝፈውን የደንገል ታንኳ ጥቂት ያናውጠዋል፤ ባለ ታንኳውም ማዕበሉ እስኪያልፍ መቅዘፉን ያቆማል።