ሻምበል አበበ ቢቂላ፡ በዝግጅቱ ያሸነፈ፣ በመከራም ያልተረታ አትሌት

ኢትዮጵያን በዓለም የሩጫ መድረክ ያስጠራው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች በስተደቡብ በምትገኘው የጃቶ መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ በመምጣት የክብር ዘበኛ ሠራዊት አባል ሆነ።

የሩጫ ተሰጥኦው ፍሬ ያፈራው በዚሁ ሠራዊት ውስጥ ነው። ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ በየዕለቱ እየሮጠ ይመላለስ የነበረው ወጣት ወታደር፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ክትትል ሥር ሥርዓት ያለው ሥልጠና አገኘ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ተሰለፈ። በባዶ እግር መሮጡ የብዙዎች መነጋገሪያ ቢሆንም፣ ይህን የመረጠው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጥን አስቀድሞ ስለተለማመደው ነበር። ጣሊያን ከአገራችን ወስዳ በሮም ያቆመችው፣ በ1997 ዓ.ም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት በነበረበት አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ ሄደ። ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በመፈጸም የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ወርቅ ተሸላሚ ለመሆን በቃ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ ሲወዳደር፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ይሁን እንጂ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው አትሌትም ሆነ። ከውድድሩ በኋላ በሜዳው ላይ ያሳየው የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ ተመልካቹን አስደንቋል።

ጥቅምት 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ በእግሩ ጉዳት ሳቢያ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ድሉን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ተረከበ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ምሽት የደረሰበት የመኪና አደጋ ደግሞ ከወገቡ በታች ሽባ አደረገው።

ሻምበል አበበ በእንግሊዝ የስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሕክምናውን ሲከታተል ከስፖርት አልራቀም። በ1962 ዓ.ም በዚያው በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ኢላማ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ ውስጥ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ምም በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት በተሽከርካሪ ወንበሩ ተገኝቷል።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመት ዕድሜው ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ቀብሩም ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ስታዲየምም ይገኛል።

የሻምበል አበበ ሕይወት፣ ተሰጥኦ በተቋም ታቅፎ በዲሲፕሊን ሲታነጽ ለአገር ክብር እንደሚበቃ የሚያስተምር ነው። ጽናቱም ከወርቅ ሜዳሊያዎቹ እኩል ሊታወስ ይገባዋል።