ሙሴ ኢልግና ሐዲዱ የወለዳት ከተማ

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር፣ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የቴክኒክ ሙያተኞች ከአውሮፓ ያስፈልጉ ስለ ነበር፣ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ዕድሜያቸው ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር።

በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የሚጓጓዘው በግመልና በበቅሎ ነበር። ማናቸውም መሣሪያ ተፈታትቶ የጋማ ከብት ሊሸከመው በሚችል መጠን ካልተከፋፈለ ከደጋው አይደርስም። ኢልግ የምድር ባቡርን ጉዳይ አጥብቀው የያዙት ይህን ችግር በሥራ ላይ ስላዩት ነው። በ1886 ዓ.ም. ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኔ ጋር የመንገዱን ሥራ ፈቃድ ከዐፄ ምኒልክ ተቀበሉ፤ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ሆኑ።

በፈቃዱ መሠረት የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር መድረስ ነበረበት። ሐረር ለዘመናት የቡናና የቆዳ ገበያ፣ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ይሁን እንጂ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በቅሎ የምትወጣውን አቀበት ባቡር አይወጣውም፤ ተራራውን ዞሮ ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪም ከኩባንያው ዐቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ ቆላውን ይዞ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ጣቢያው አዲስ ሐረር ቢባልም ጸንቶ የቀረው ድሬዳዋ የሚለው ስም ነው።

ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ። ይህ መሰናክል ለአዲሲቱ ከተማ ሲሳይ ሆነላት። ዕቃው ከፉርጎ ወርዶ በግመል የሚጫነው እዚያ ስለ ነበር፣ ነጋዴው፣ መጋዘኑና ጉምሩኩ ተከትለው መጡ። የባቡሩ ጥገና ጋራዥ የእጅ ባለሙያዎችን አፈራ፤ ኋላም የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። በአንጻሩ የሐረር ንግድ ወደ ቆላ ወረደ፤ የጥንቱ የዘይላ ወደብም ገበያውን ለጅቡቲ ለቀቀ።

ኢልግ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ለማየት አልታደሉም።

ድሬዳዋን የወለዳት የማጓጓዣ ዋጋ ስሌት ግን በዚያው አልቆመም። የዐሰብ መንገድና የጭነት መኪና ዕቃውን ሲሻሙት ባቡሩ ደከመ፤ ከተማይቱም አብራው ተጎዳች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያውን ከአሮጌው ከተማ ውጭ አደረገ። የኢልግ ሕይወት ለመሐንዲስ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ መሐንዲስ የመስመርን ዳገት ሲለካ፣ ሳያስበው የሰውን መኖሪያና እንጀራም ይለካል። አንዱን ከተማ ሲያቀና ሌላውን ሊያጎድል እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት የሥራው ክፍል ነው።