ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል

የዐባይን ምንጭ ለማየት በየዘመኑ ወደ ጣና ዳርቻ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ብዙዎች ናቸው። አብዛኞቹ ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ጆን ቤል ግን በዚሁ ቀሩ፤ ጎጆ ቀለሱ፤ ልጆች አሳደጉ፤ በመጨረሻም ለተቀበላቸው አገር ንጉሥ ሞቱ። የእኒህን ሰው ሕይወት በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ቤል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1840 ነበር። በ1843 ስዌዝ ላይ ዋልተር ፕላውደን ከሚባሉ የአገራቸው ሰው ጋር ተገናኝተው፣ ሁለቱ በአንድነት ተመልሰው መጡ። ፕላውደን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆነው ተሾሙ፤ በ1849ም ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነት ውል ተዋዋሉ። ቤል ግን የማንም መንግሥት መልእክተኛ አልነበሩም። በደብረ ታቦር የራስ ዓሊ ወታደር ሆነው እንደ አገሬው ለብሰውና አማርኛ ተናግረው ኖሩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ የተባሉ ኢትዮጵያዊት አግብተውም ወንዶችና ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ1853 ደጃዝማች ካሣ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ሲያደርጉ፣ ቤል በተሸናፊው ወገን ነበሩ። ካሣ ግን አልተበቀሏቸውም፤ ይልቁንም ወደ እርሳቸው አቀረቧቸው። በ1855 ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ቤል የሊቀ መኳስነትን ማዕረግ አገኙ። ሊቀ መኳስ በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዐይን ወደ ራሱ የሚስብ፣ በንጉሡ ፈንታ ሞትን የሚቀበል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሹመት ፍጹም ለሚታመን ሰው ካልሆነ አይሰጥም። የአገሬው ሰውም ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይላቸው ጀመር።

በ1860 መጀመሪያ ፕላውደን ወደ አገራቸው ለመሄድ ከጎንደር ሲወጡ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ በሆነው በዐመፀኛው ጋረድ ሰዎች ቆስለው ተማረኩ። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው ቢያስለቅቋቸውም ከቁስሉ አልዳኑም። በዚያው ዓመት ንጉሡ በጋረድ ላይ ሲዘምቱ ቤል አብረው ነበሩ። ውጊያው በተፋፋመ ጊዜ ጌታቸውን ሲከላከሉ ወደቁ። ጋረድም በዚያው ቀን ሞተ። የሹመታቸውን ትርጉም በደማቸው ፈጸሙ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል። የንጉሡ ኀዘን ወደ በቀል ተለወጠ፤ እጃቸው የገቡ ብዙ ምርኮኞችም ተገደሉ። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ የሁለቱን ወዳጆቻቸውን ሞት ገለጹ። ደብዳቤው ምላሽ ሳያገኝ በመቅረቱ አዲሱ ቆንስል ታሰረ፤ ጠቡም እየከረረ ሄዶ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ። ቤል የተወለዱበትና የሞቱለት አገር እርስ በርስ ተዋጉ። የሁለቱንም ወገን ጠባይ የሚያውቅ፣ ለንጉሡም ያለ ፍርሃት የሚናገር ሰው በዚያ ሰዓት አልነበረም።

ሴቶች ልጆቻቸው በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ከሚሠሩት አውሮፓውያን ጋር ተጋብተው ነበር። ሱዛን የስዊሱን ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን፣ እኅቷም ጀርመናዊውን ዛልሙለርን አገቡ። እነዚህ አማቾች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከሠሩት መካከል ናቸው። ከመቅደላ በኋላ ሱዛን ባሏን ተከትላ ከተወለደችበት አገር ወጣች። በሊባኖስ ተራሮች ባለቤቷ በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በኋላም በአስፉሪዬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። አባት በባዕድ አገር እንደ ኖሩ፣ ልጅም ከባሏ ጋር በሌላ ባዕድ አገር ኖረች።

ዛሬ ከዚህ አካባቢ ሳይቀር ብዙ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ይሰደዳሉ። ወደ እኛም የሚመጣ እንግዳ አለ። የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ሕይወት ለሁለቱም ይናገራል። እንግዳ የተቀበለውን ሕዝብ ቋንቋና ኑሮ የራሱ ሲያደርግ፣ ተቀባዩም ትናንት በተቃራኒው ወገን የነበረውን አምኖ ሲያቀርብ፣ ባዕድነት ይቀራል። የተሸነፈውን ባለመበቀል ታማኝ ወዳጅ ያፈራው ንጉሥ፣ ያ ወዳጅ በሞተ ቀን በቀልን መምረጡ ግን እስከ ዛሬ ያስቈጫል።