ሳሙኤል ጎምፐርስ

ሳሙኤል ጎምፐርስ (ጃንዋሪ 27 ቀን 1850 – ዲሴምበር 13 ቀን 1924 እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የተወለደ አሜሪካዊ የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ነበር። በ1886 የአሜሪካ ሠራተኞች ፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በስተቀር እስከ ዕለተ ሞቱ በፕሬዚዳንትነት መርቶታል። በ1919 ፌዴሬሽኑ ፖሊሶችን መቀበል ሲጀምር፣ የሕግ አስከባሪዎችን የሚወክል መሪ ለአባላቱም ለሕዝቡም ያለበት ኃላፊነት በቦስተን ከተማ ተፈተነ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ጎምፐርስ ለንደን ውስጥ ከአምስተርዳም ከመጣ ድሃ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ ገባ፤ ከአባቱም ሲጋር መጠቅለል ተማረ። በ1863 ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። በዚያ ዘመን የሲጋር ሠራተኞች ከመካከላቸው አንዱን መርጠው ጋዜጣና መጽሐፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ያደርጉ ነበር፤ አንባቢው ሳይሠራ በመቅረቱ ያጣውንም ክፍያ ሌሎቹ ያካክሱለት ነበር። ጎምፐርስ ብዙ ዕውቀት ያገኘው ከዚህ ንባብ ነው። በ1875 የሲጋር ሠራተኞች ማኅበር 144ኛ ቅርንጫፍ ፕሬዚዳንት ሆነ።

የማኅበር አመራሩ

ጎምፐርስ ማኅበራት የፖለቲካ ፓርቲ ከመመሥረት ይልቅ በደመወዝ፣ በሥራ ሰዓትና በጽሑፍ በሰፈረ ውል ላይ እንዲያተኩሩ ይፈልግ ነበር። ለእሱ የድርድር ጉልበት ምንጩ ሥራ ማቆም መቻል ነው። በ1919 መጀመሪያ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ የሠራተኛ ሕግ ኮሚሽንን በሊቀመንበርነት መርቷል፤ ከኮሚሽኑም ሥራ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ተወለደ።

የፖሊሶች ማኅበር ጥያቄ

ፌዴሬሽኑ በ1897 ከክሊቭላንድ ከተማ የመጣለትን የፖሊሶች የአባልነት ጥያቄ አልተቀበለም ነበር። ፖሊስ ብዙ ጊዜ አድማ ለመበተን ስለሚታዘዝ ሠራተኞች በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ይሁን እንጂ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኑሮ ሲወደድ የፖሊሶች ደመወዝ ባለበት ቀረ። በጁን 1919 ፌዴሬሽኑ ውሳኔውን ለወጠ፤ እስከ ሴፕቴምበርም በ37 ከተሞች የፖሊስ ማኅበራት ተመዘገቡ። የፌዴሬሽኑ አቋም ፖሊሶች የመደራጀትና የመደመጥ መብት አላቸው፣ አድማ እንዲመቱ ግን አይበረታቱም የሚል ነበር።

የቦስተን አድማ

የቦስተን ፖሊሶች ረጅም ሰዓት ይሠሩ፣ የደንብ ልብሳቸውን ከኪሳቸው ይገዙ፣ አይጥ በሞላባቸው ጣቢያዎች ያድሩ ነበር። የፌዴሬሽኑ አባል ሲሆኑ ኮሚሽነር ኤድዊን ከርቲስ ፖሊስ ለሁለት አዛዥ ሊገዛ አይችልም በማለት ከለከለ፤ 19 ሰዎችንም ከሥራ አገደ። ከንቲባው የሰየመው የዜጎች ኮሚቴ ማኅበሩ ከፌዴሬሽኑ ተለይቶ እንዲቀጥል ያቀረበውን የማስታረቂያ ሐሳብ ኮሚሽነሩ አልተቀበለም። ፖሊሶቹ 1,134 ለ2 በሆነ ድምፅ አድማውን አጸደቁ። ሴፕቴምበር 9 ቀን ከ1,544 ፖሊሶች 1,117ቱ ሥራ አቆሙ።

በዚያው ሌሊት ሱቆች ተዘረፉ። በኋላ በተሰማራው የግዛቱ ዘብ ጥይት ጭምር የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የሕዝቡም ቁጣ በፖሊሶቹ ላይ ዞረ።

ጎምፐርስ በመስከረሙ ግጭት መካከል ሁለት ነገር አደረገ። በመጀመሪያ ፖሊሶቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱና በፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የተጠራውን የኦክቶበር ጉባኤ እንዲጠብቁ በቴሌግራም መከረ፤ እነሱም ተስማሙ። ከዚያም ለሁከቱ ተጠያቂው የመደራጀት መብት የነፈገው ኮሚሽነር መሆኑን ለአገረ ገዥው ካልቪን ኩሊጅ ጻፈ። ኩሊጅ ግን በሕዝብ ደኅንነት ላይ አድማ የመምታት መብት ማንም እንደሌለው መለሰለት። ይህ መልስ ኩሊጅን በመላ አገሪቱ አሳወቀው፤ በ1923ም ፕሬዚዳንት ሆነ።

ምክሩ የመጣው ከአድማው በኋላ ስለነበር አላዳናቸውም። ከአድመኞቹ አንድም ሰው ወደ ሥራው አልተመለሰም። በምትካቸው የተቀጠሩት የደመወዝ ጭማሪና ነፃ የደንብ ልብስ አገኙ፤ የተባረሩት የጠየቁት ለሌሎች ተሰጠ። ፌዴሬሽኑም የፖሊስ ማኅበራትን መያዝ አልቻለም። የቦስተን ፖሊሶች ዳግም ማኅበር የመሠረቱት በ1965 ነው።

ሞቱና ትሩፋቱ

ጎምፐርስ ሜክሲኮ ሲቲ በጉባኤ ላይ ሳለ ታሞ ወደ ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ተወሰደና እዚያው አረፈ። የተቀበረው በኒው ዮርክ ግዛት በስሊፒ ሆሎ መቃብር ነው።

የቦስተን ጥያቄ ከእሱ በኋላም አልተዘጋም። እሱ መሠረቱን በጣለው የሥራ ድርጅት በ1948 የወጣው 87ኛው ስምምነት የመደራጀትን ነፃነት ሲያረጋግጥ፣ ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት ምን ያህል እንደሚሠራ እያንዳንዱ አገር በሕጉ እንዲወስን ትቶታል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ1963 አጽድቃለች።