በሥላሴ ደጅ ያረፉት እንግሊዛዊት

ከኮልፌ ወደ መሐል ከተማ ስንወርድ የምናልፈው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ቀድሞ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ባረፉት በልዕልት ፀሐይ ስም ይጠራ ነበር። ለማሠሪያው የሚሆነውን ገንዘብ በእንግሊዝ አገር ደብዳቤ እየጻፉ፣ ከሰው ደጅ እየጠኑ ያሰባሰቡት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

ሲልቪያ በ1874 ዓ.ም. ማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ኤመሊን የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ የታገሉት ዝነኛ ሴት ናቸው። ሲልቪያ ሥዕል ተምረው ሳለ ብሩሹን ትተው ትግሉን ተቀላቀሉ። ደጋግመው ታሰሩ፤ ምግብ እንቢ ሲሉም በቱቦ በግድ ይመግቧቸው ነበር።

በ1906 ዓ.ም. ግን የገዛ እናታቸውና ታላቅ እኅታቸው ከማኅበሩ አስወጧቸው። ጥፋታቸው በምሥራቅ ለንደን ከድኻ ሠራተኛ ሴቶች ጋር መዋላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ጦርነት ሲነሣ እናት ደገፉት፤ ልጅ ተቃወሙት፤ ለድኾችም ርካሽ ምግብ ቤትና የሕፃናት መዋያ ከፈቱ። ሶሻሊስት ነበሩና በ1912 ዓ.ም. ሞስኮ ሄደው ከሌኒን ጋር ተከራከሩ። በዓመቱ ደግሞ ጋዜጣቸውን ለፓርቲው አላስረክብም በማለታቸው ከኮሚኒስት ፓርቲው ተባረሩ። እንግዲህ ከቤተሰብም ከፓርቲም ተለይተው ቀሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ቀን፣ 54 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ የሲልቪያ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለ ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም ወጣ። የአውሮፓ መንግሥታት ድሉን አንድ ባንድ ሲቀበሉ ይህ ጋዜጣ በየሳምንቱ እየወጣ የየካቲት 12ን እልቂት፣ የመርዙን ጢስና የአርበኞቹን ውጊያ ያሰማ ነበር። እዚህ ላይ ነው እኔ ሴትዮዋን ይበልጥ የማደንቃቸው፤ ጠላት ከተባረረ በኋላ እንኳ አላረፉም። የገዛ አገራቸው መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ እጁን ለማሳረፍ ሲሞክርና የኤርትራ ጉዳይ ሲነሣ፣ ያው ጋዜጣ በእንግሊዝ ሹማምንት ላይ ዞረ። ሃያ ዓመት ዘለቀ።

በ1948 ዓ.ም. ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ መጡ። ዕድሜያቸው 74 ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜ ጡረታ ይወጣል፤ እሳቸው ግን ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚባል ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ።

መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ እዚሁ አረፉ። በሕይወታቸው ሃይማኖተኛ አልነበሩም። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ሥርዓተ ቀብር ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጥቷቸው፣ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ደጅ በአርበኞች መካከል ተቀበሩ። ልጃቸው ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. በዚያው ደጅ ተቀበሩ።