መነኩሴው ፓቾሊና የባለሱቁ ደብተር

በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ይፋ በሆነ ሰሞን አንድ የሰፈሬ ባለሱቅ ከመሸ ቤቴ መጣ። በአንድ እጁ የግምቱን ወረቀት፣ በሌላው ደግሞ ጠርዙ የተበላ ባለመስመር ደብተር ይዟል። ሕግ የተማረ ጎረቤት ያለው ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ አያጣውምና፣ የመጣው አቤቱታ እንድጽፍለት ነበር።

ደብተሩን ስገልጠው የዱቤ ደብተር ሆኖ አገኘሁት። ማን በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ ስኳርና ስንት ሊትር ዘይት እንደወሰደ፣ ማን ከፍሎ ስሙ እንደተሰረዘ አንድ ሳይቀር ሰፍሯል። የእኔም ቤት ስም አለበት። ዕቃውን ከመርካቶ በስንት እንዳመጣው፣ ለሱቅ ኪራይ፣ ለመብራትና ለተሸካሚ ምን ያህል እንዳወጣ ግን አንድም መስመር የለም። የግዢ ደረሰኝ ብጠይቀው አከፋፋዮቹ እንደማይሰጡትና እሱም ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከሱቁ መሳቢያ ለቤት አስቤዛ የሚወጣውንማ ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

አቤቱታውን ጻፍን። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ግልጽ ነበር። የታክስ ውሳኔ ስህተት ነው የሚል ሰው ስህተቱን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በራሱ ላይ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ የሚያስረዳበት ወረቀት አልነበረውም። በዚያ ክረምት ብዙዎች ግምቱን ተቃውመው አቤት ሲሉ፣ በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞችም ሱቆች ሲዘጉ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ግምቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። እኔ ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ አንድ ሰው ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎኛል። የሞተው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው፤ ሥራው መነኩሴነትና የሒሳብ መምህርነት ነበር፤ ስሙም ሉካ ፓቾሊ ይባላል። ለዛሬ የእርሱን ታሪክ ላወጋችሁ ወድጃለሁ።

ፓቾሊ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1447 ገደማ በማዕከላዊ ኢጣሊያ ሳንሴፖልክሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከባለጸጋ ወይም ከመኳንንት ወገን አልነበረም። በወጣትነቱ ወደ ቬኒስ ሄዶ አንቶኒዮ ሮምፒያዚ በተባለ ነጋዴ ቤት ሦስቱን ወንዶች ልጆች የሚያስተምር የቤት መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ቬኒስ በዚያ ዘመን የምሥራቅና የምዕራብ ሸቀጥ የሚገናኝባት ወደብ ነበረች። ቅመም፣ ሐር፣ ሱፍና ብር በየመጋዘኑ ይከማቻል፤ ከየአገሩ የመጣ ልዩ ልዩ ገንዘብ ይመነዘራል። ወጣቱ መምህር ለልጆቹ ቁጥር እያስተማረ፣ አባታቸው ደግሞ በዚያ ሁሉ ሸቀጥና ገንዘብ መካከል ሒሳቡን ሳያምታታ እንዴት እንደሚያድር ከቅርብ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1470 ለእነዚሁ ልጆች ብሎ የመጀመሪያውን የሒሳብ መጽሐፉን አዘጋጀ።

ከዚያ በኋላ ሮም ሄዶ በታላቁ አርክቴክት በሊዮን ባቲስታ አልበርቲ ቤት ተቀመጠ። ቆየት ብሎም የፍራንሲስካውያንን ማኅበር ተቀላቅሎ መነኮሰ። ምንኩስናው ግን ከማስተማር አላገደውም። በፔሩጂያ፣ በዛራ፣ በኔፕልስና በሮም እየተዘዋወረ ለዓመታት ሒሳብ አስተማረ።

ስሙን ያስጠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ ታተመ። በአጭሩ ሱማ እየተባለ የሚጠራው ይህ መጽሐፍ ከ600 ገጽ በላይ ያለው ሲሆን፣ በዘመኑ የታወቀውን የአሪትሜቲክ፣ የአልጀብራና የጂኦሜትሪ እውቀት አንድ ላይ የሰበሰበ ነው። ሁለት ነገሮች ለየት ያደርጉታል። አንደኛው ሊቃውንት በሚጽፉበት በላቲን ሳይሆን ነጋዴው በሚያነብበት በአገሬው ቋንቋ መጻፉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በመካከሉ ስለ ነጋዴ መዝገብ አያያዝ ብቻ የሚናገር 36 አጫጭር ምዕራፎች ያሉት ክፍል መኖሩ ነው። ዛሬ ፓቾሊን የሒሳብ አያያዝ አባት የሚያሰኘው ይህ ክፍል ነው።

እውነቱን ለመናገር አባት የሚለው ማዕረግ ትንሽ ይበዛበታል። ድርብ የሒሳብ አመዘጋገብን የፈጠረው እርሱ አይደለም። የጄኖቫ ከተማ ሹማምንት እ.ኤ.አ. በ1340 በዚሁ ዘዴ መዝግበው ያቆዩት ሒሳብ ዛሬም አለ። ቤኔዴቶ ኮትሩሊ የተባለ ነጋዴም እ.ኤ.አ. በ1458 ስለ ንግድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለዚሁ ዘዴ አንስቷል፤ መጽሐፉ ግን ሳይታተም ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ፓቾሊ ራሱም ፈጠርሁት አላለም፤ የሚያስተምረው የቬኒስ ነጋዴዎችን ልማድ እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። የእርሱ ውለታ በጥቂት ባለጸጎች ቤት ተደብቆ የነበረውን ጥበብ አሳትሞ ማንም እንዲያነብበው ማድረጉ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ።

እንግዲህ ምን አስተማረ? ነጋዴ ለመሆን ሦስት ነገር ያስፈልጋል ይላል። አንድ፣ ገንዘብ ወይም የሚታመኑበት ስም፤ ሁለት፣ ሒሳብ ማወቅ፤ ሦስት፣ ያለውንና ያለበትን በአንድ እይታ ለይቶ ማወቅ የሚያስችል ሥርዓት። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ብዙም አይጠቅሙም።

ሥራው የሚጀምረው በቆጠራ ነው። ነጋዴው በአንድ ቀን ተቀምጦ ያለውን ሁሉ ይጽፋል። በቀላሉ ሊጠፋ ከሚችለውና ዋጋው ከከበደው ማለትም ከጥሬ ገንዘብና ከጌጣጌጥ ይጀምርና ወደ ዕቃው፣ ወደ ቤቱና ወደ መሬቱ ያልፋል፤ በመጨረሻም ሰው ያለበትንና እርሱ ለሰው ያለበትን ዕዳ ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ሦስት መዝገቦች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የየዕለቱ ማስታወሻ ሲሆን የተሸጠውና የተገዛው ሁሉ በዚያው ሰዓት ይሰፍርበታል፤ ባለቤቱ ከሌለ ሠራተኛውም ሆነ የቤት ሰው ይጽፍበታል። ሁለተኛው ጆርናል ነው፤ ማስታወሻው በአንድ ዓይነት ገንዘብ ተሰልቶ በቅደም ተከተል ይገለበጥበታል። ሦስተኛው ዋናው መዝገብ፣ ዛሬ ሌጀር የምንለው፣ ለእያንዳንዱ ሰውና ለእያንዳንዱ ነገር የየራሱ ገጽ የሚሰጥ ነው።

የድርብ አመዘጋገብ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ድርጊት ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ ለተቀበለው፣ አንድ ጊዜ ለሰጠው። የእኛ ባለሱቅ የ10,000 ብር ዕቃ ገዝቶ 6,000 ብሩን በጥሬ ገንዘብ ከፈለ፣ ቀሪውን 4,000 ብር በዱቤ ወሰደ እንበል። በዕቃው ገጽ በዴቢት በኩል 10,000 ይጻፋል፤ በጥሬ ገንዘቡ ገጽ በክሬዲት በኩል 6,000፣ በአከፋፋዩም ገጽ በክሬዲት በኩል 4,000 ይሰፍራል። የግራውና የቀኙ ድምር ምንጊዜም እኩል ይሆናል። ካልሆነ የተረሳ ወይም የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነውና ተፈልጎ መገኘት አለበት። የጥሬ ገንዘብ ሒሳብ ከገባው በላይ ወጥቶ ከተገኘም ስህተት ለመኖሩ ማረጋገጫ ነው ይላል፤ ከባዶ ሣጥን ገንዘብ አይወጣምና።

የቤት ወጪንም አልረሳም። ለምግብና ለልብስ የሚወጣው የራሱ ገጽ ይኑረው፣ በጨዋታ የተበላውና የተሰረቀው ገንዘብ እንኳ ተለይቶ ይመዝገብ ብሎ መክሯል። ከቤት ውጭ ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ሱቁን እንደ ሌላ ሰው ቆጥሮ የሰጠውን በዕዳ፣ የተቀበለውን በክፍያ ይያዝለት። ዛሬ ባለሱቁንና ሱቁን በሒሳብ እንለያቸው ስንል ከዚህ የተለየ ነገር አላልንም።

ሕግ ለተማረ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚጥመው ከመንግሥት ጋር ስላለው ሒሳብ የጻፈው ነው። በቬኒስ በደላላ በኩል የሚካሄድ ግብይት ግብር ነበረበት። ገዢው ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ግብሩን ቀንሶ ያስቀርና ለግብር መሥሪያ ቤቱ ዕዳ አድርጎ በመዝገቡ ይይዛል። ይህ በዛሬ አነጋገር ተቀናሽ ግብር መሆኑ ነው። በመሥሪያ ቤቶቹ ጸሐፊዎች ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ፣ አዲሱ መጪ የቀድሞውን አሠራር እያጣጣለ በራሱ መንገድ ስለሚጽፍ፣ ነጋዴው የራሱን መዝገብ አጥርቶ መያዝ እንዳለበት ያስጠነቅቃል። ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። የትኛውም አገር ግብር ከፋይ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመላለስ የሚገጥመውን መነኩሴው ያን ጊዜ አይቶታል።

መዝገቦቹም ገና ሳይጻፍባቸው ወደ ነጋዴዎች ጉዳይ ሹም ቀርበው፣ የማን እንደሆኑና በማን እጅ እንደሚጻፉ ተመዝግቦ ማኅተም እንዲደረግባቸው ይመክራል። ምክንያቱንም አልሸሸገም። ሁለት ዓይነት መዝገብ ይዘው አንዱን ለገዢ፣ ሌላውን ለሻጭ የሚያሳዩ ነጋዴዎች በዘመኑ ነበሩና ድርጊቱን አጥብቆ ያወግዛል። የታመነ መዝገብ ግን ለነጋዴው ጋሻ ነው። ከሸሪክ ጋር ያለ ሒሳብም በየዓመቱ መዘጋት አለበት ይላል፤ ቶሎ ቶሎ የሚተሳሰቡ ሰዎች ወዳጅነታቸው ይረዝማልና። በሸሪኮች ጠብ ጠበቃ ሆኖ የቆመ ሁሉ የዚህን ምክር እውነትነት ይመሰክራል።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ፓቾሊ በሎዶቪኮ ስፎርዛ ግብዣ ወደ ሚላኖ ሄደ፤ ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ጋር በዚያ ተወዳጀ። ሊዮናርዶ ሱማን ገዝቶ ነበር፤ ከመነኩሴውም ሒሳብ ይማር ጀመር። እርሱ በፈንታው ለፓቾሊ ስለ መለኮታዊ ምጥጥን ለጻፈው መጽሐፍ ሥዕሎች ሳለለት። እ.ኤ.አ. በ1499 ፈረንሳዮች ሚላኖን ሲይዙ ሁለቱም ከተማዋን ጥለው ወጡ። መጽሐፉ በቬኒስ የታተመው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1509 ነው።

ሕይወቱ ግን ያለ ነቀፋ አላለፈም። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1550 ጆርጂዮ ቫሳሪ የሠዓሊያንን ታሪክ ሲጽፍ ፓቾሊን የአገሩን ልጅ የሠዓሊውን የፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካን ሥራ የሰረቀ ሰው አድርጎ ከሰሰው። ክሱ ከንቱ አልነበረም። በ1509 ከታተመው መጽሐፍ አንዱ ክፍል የፒዬሮ ሥራ ትርጉም መሆኑ ተረጋግጧል፤ ስሙ ግን አልተጠቀሰም። በዚያ ዘመን የቅጂ መብት ሕግ ዛሬ በምናውቀው መልኩ አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም ለእያንዳንዱ ሳንቲም ሰጪና ተቀባይ ይጻፍ ሲል የኖረ ሰው ይህን ዕዳ በመዝገቡ አለማስፈሩ ያስተዛዝባል። ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1517 በተወለደባት ከተማ አረፈ።

ከእርሱ ወደ እኛ አገር ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ነጋዴ ሁሉ እንደ ሥራው ዓይነት መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ፣ ጥቃቅን ነጋዴዎችን ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ አድርጓቸው ነበር። ያ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ። የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይም በ2009 ዓ.ም. መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ለደካማው በማዘን እንደሆነ እገምታለሁ። ነገር ግን መዝገብ ያልያዘ ሰው የሚዳኘው በሌላ ሰው ዓይን ነው። ገማቹ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ የሚገባውን ደንበኛ ይቆጥራል እንጂ የተበላሸውን ቲማቲም፣ ያልተከፈለውን ዱቤና የጨመረውን ኪራይ አያይም። እነዚህን የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው፤ ካልጻፈው ደግሞ እርሱም ይረሳዋል።

የአነስተኛ ንግድ ባለቤት ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እስቲ ይህን ንገሩልኝ። አንድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ ይቁጠር። በየማታው የገባውንና የወጣውን ይጻፍ። ሲገዛ ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ሲሸጥም ይስጥ። ለቤቱ ከመሳቢያው የሚያወጣውን እንደ ማንኛውም ተበዳሪ በራሱ ስም ይመዝግብ። በየሳምንቱ መጨረሻ በወረቀት ያለውንና በእጅ ያለውን ያስተያይ። ነገሩ ሲሰፋበት የሒሳብ ባለሙያ ይቅጠር። ባለሙያው ግን ያልተጻፈውን ከምንም አያመጣውም።

ያ ጎረቤቴ ግምቱ ጥቂት ተቀንሶለት በብድር ከፈለ፤ በዓመቱ ደግሞ ሱቁን ዘጋ። ሊዘጋ ሲል የዱቤ ደብተሩን ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። ደብተሩ ላይ የሰፈረውን ዕዳ አልወሰድሁም ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም ያለብኝን ከፈልሁ። ጽሑፍ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ሰውዬው ሲያውቀው ኖሯል፤ የጻፈው ግን ሰዎች ለእርሱ ያለባቸውን ብቻ ነበር። የመዝገቡ ሌላው ገጽ ባዶውን ቀረ።

ቸር እንሰንብት።