የጽሑፍ ጨለማና የጽሑፍ ጉድለት፦ ፍራንዝ ካፍካና አሳታሚው

ፍራንዝ ካፍካ (1883–1924 እ.ኤ.አ.) በፕራግ ከተማ በሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም በሕግ ባለሙያነት እያገለገለ በጀርመንኛ ቋንቋ ይደርስ ነበር። «በቅጣት ሰፈር» የተሰኘውን አጭር ልብ ወለድ የጻፈው በ1914፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈነዳ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው የተፈረደበትን ሰው ጥፋት በገላው ላይ በመርፌ እየጻፈ በሚገድል መሣሪያ ላይ ነው።

በ1916 ጽሑፉ ለላይፕሲጉ አሳታሚ ለኩርት ቮልፍ ቀረበ። ቮልፍ የካፍካን «ሜታሞርፎሲስ» ቀደም ብሎ ያሳተመ ቢሆንም፣ ይህን ታሪክ እጅግ አሳቃቂ ሆኖ አገኘው። ካፍካ በመልሱ አሳቃቂነቱን አላስተባበለም፤ ይልቁንም የሚኖሩበት ዘመን፣ የራሱም ሕይወት ከዚያ የተለየ አለመሆኑን አስረዳ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሙኒክ ላይ ታሪኩን በአደባባይ ሲያነብ ግን አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር።

በ1917 የኅትመቱ ጉዳይ ዳግም ሲነሣ ያመነታው ደራሲው ራሱ ሆነ፤ ወደ መጨረሻው የሚገኙት ሁለት ሦስት ገጾች እንዳላማሩለት ለአሳታሚው ገለጸ። በ1918 አርሞ ላከው፤ በ1919 በ1,000 ቅጂ ታተመ።

ካፍካ በእነዚህ አምስት ዓመታት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ጠብቋል። ለጨለማው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ለጉድለቱም ምክንያት አልደረደረም።